በ«የመጣው ይምጣ» እና በ«ምንም አይሆንም» መካከል

ሁለት ሰዎች አንድ የሚያውቁትን ሰው ሊዘርፉ ተማከሩ። መጀመሪያ የመጣላቸው ሐሳብ በቆዳ ጠፍር አንገቱን አንቀው ራሱን እንዲስት ማድረግ ነበር። ቆይተው ግን ፈሩ። ጠፍር አንገት ላይ ሲጠብቅ ልኩ አይታወቅም፤ ሰውየው እጃቸው ላይ ሊሞትባቸው ይችላል። እንዲሞት ደግሞ አይፈልጉም። ስለዚህ ጠፍሩን ትተው ከረጢት ውስጥ አሸዋ ሞሉ፤ በዚህ ጭንቅላቱን ቢመቱት ይደነዝዛል እንጂ የከፋ ጉዳት አይደርስበትም ብለው። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ከረጢቱ ሲመቱበት ተቀደደና አሸዋው ፈሰሰ። ሰውየው አልወደቀም፤ ታገላቸው። ያን ጊዜ የተውትን ጠፍር አንገቱ ላይ አጠለቁ፤ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ድረስም አጠበቁት። በኋላ የሞተ ሲመስላቸው ደንግጠው ሊያነቁት ሞከሩ። አልነቃም።

ጉዳዩ በወንጀል ረገድ የመጨረሻው ወደሆነው የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ በ1955 ተወሰነ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተከሳሾቹ የሰውየውን ሞት እንዳልፈለጉት ፍርድ ቤቱ ተቀብሎታል። ሆኖም ሆን ብለው ገድለዋል የሚለውን ፍርድ አጸናው። ጠፍሩ ሊገድል እንደሚችል ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ሌላ መሣሪያ የመረጡትም ይህንን ስላወቁ ነው። ዓላማቸውን በሌላው መንገድ ማሳካት ሲያቅታቸው ግን ያንኑ የፈሩትን ነገር አንስተው ተጠቀሙበት። ሰው የማይፈልገውን፣ እንዲያውም አጥብቆ የሚጠላውን ውጤት፣ ግቡ ላይ ለመድረስ ሲል ሊቀበለው ይችላል አለ ፍርድ ቤቱ።

ይህን ፍርድ ያነበብኩት የሕግ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ያነሳብኝ ጥያቄም ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ሰው ያልፈለገውን ነገር «አስቦ አደረገው» እንዴት ይባላል? በወንጀል ችሎት ጥብቅና ቆሜ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ በየመዝገቡ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን በሌላ መልክ ነው የሚመጣው። ተከሳሹ «አላሰብኩም» ይላል። የተጎጂው ቤተሰብ «ካላሰበ ታዲያ እንዴት አደረገው?» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ግን ሕጉ ከሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ እየመለሱ ነው።

ጥብቅና ከቆምኩላቸው ወጣቶች የአንዱን እናት አልረሳቸውም። ልጃቸው በጠብ መሃል ጠርሙስ ወርውሮ፣ የተጣላውን ስቶ አጠገቡ የቆመ ሌላ ሰው ዓይን ላይ ጉዳት አድርሷል። ከችሎቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው «የኔ ልጅ፣ ያንን ሰው እኮ ጭራሽ አያውቀውም! ጠብም የላቸው። አላሰበውም ብለህ ንገራቸው» አሉኝ። «እማማ፣ ሲወረውር ሰው ሊመታ አስቧል። የሳተው ሰውየውን ነው እንጂ ሐሳቡን አይደለም» አልኳቸው። ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን ከብዙ ጠበቃ የሚሻል ነበር፦ «ታዲያ ለየትኛው ሰው ነው የሚከሰሰው?»

እውነትም የሕግ ሥርዓቶች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ሐሳቡን ከታለመው ሰው አንስቶ ወደ ተጎዳው ያሻግረዋል፤ ወንጀሉ አንድ ነው፣ ሆን ተብሎም ተፈጽሟል። በጀርመን የሚበዛው አቋም ደግሞ ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በታለመው ሰው ላይ ሙከራ፣ በተጎዳው ላይ ቸልተኝነት። ወርዋሪው ግን በተሰበሰበ ሰው መሃል ሲወረውር ሌላም ሰው ሊመታ እንደሚችል ገብቶት ከነበረና ይሁን ብሎ ከወረወረ፣ ይህ ሁሉ ማሻገርና መክፈል አያስፈልግም፤ ለተጎዳውም ሰው ሐሳብ ነበረው ማለት ነው።

እኚያ እናት ስለ ሐሳብ ሲናገሩ በልባቸው የነበረው ምክንያት ነው፤ ቂም፣ ጥቅም፣ ቅናት። ሕጉ እነዚህን ይለያያል። ለምን አደረገው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እያወቀና ፈቅዶ አደረገው ወይ የሚለው ሌላ። የሚሰቃይ በሽተኛን በርኅራኄ የሚገድል ሰው ምክንያቱ ልብ የሚነካ ነው፤ ሐሳቡ ግን ሙሉ ነው። ምክንያት ቅጣት ሲወሰን ይመዘናል፤ ማስረጃ ሲመረመርም ይረዳል፣ ምክንያት የሌለው ሰው አደረገው ሲባል ዳኛ ቆም ብሎ ያስባልና። ወንጀሉን ራሱን ግን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ምክንያት አይደለም።

አንድ ሠራተኛ ከፎቅ ላይ አሮጌ እንጨት ወደ መተላለፊያው ይጥላል እንበል። ከታች የሚያልፍ ባላንጣውን አይቶ እሱን ለመምታት ከጣለ ክርክር የለም። ባላንጣ የለውም፤ ነገር ግን ከታች ሰዎች ተጠጋግተው መቆማቸውን እያየ፣ እንጨቱ አንዱን ሳይመታ እንደማይቀር እያወቀ ከጣለስ? «ሥራዬን ልጨርስ ብዬ እንጂ ማንንም ልመታ አልፈለግኩም» ማለቱ አያድነውም። ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1998 በዉሊን ጉዳይ፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የማይቀር ያህል እርግጠኛ መሆኑን ተከሳሹ ከተረዳ፣ ፈራጆቹ (በእንግሊዝ ጥፋተኛነትን የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች) ሐሳብ ነበረው ለማለት ይችላሉ ብሏል።

ከዚህ በታች ያለው ነው አስቸጋሪው። ሰው ሊያልፍም ላያልፍም ይችላል፤ ሠራተኛው ይህንን ተረድቷል፤ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ጣለ። ሌላው ሠራተኛ ያንኑ አደጋ በዚያው ልክ ተረድቷል፤ እሱ ግን «በዚህ ሰዓት ማን ያልፋል? ምንም አይሆንም» ብሎ ጣለ። አንድ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ስለሚያልፍ ሰው ጭራሽ አልታሰበውም፤ ሊታሰበው ይገባ ነበር እንጂ።

የመጨረሻው ቸልተኛ ነው፤ በዚህ ሁሉም ይስማማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ያወቁት አንድ፣ ያደረጉት አንድ፣ የደረሰውም ጉዳት አንድ ነው። የአህጉራዊ አውሮፓን ፈለግ የተከተሉ ሕጎች ግን አንደኛውን ከገዳይ፣ ሁለተኛውን ከቸልተኛ ጋር ያቆሙታል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም (በ1996 ዓ.ም. የወጣው) በአንቀጽ 58 እና 59 የሚከተለው ይህንን መንገድ ነው፤ በሰው ግድያ ልዩነቱ በተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና፣ በተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት መካከል ያለው ርቀት ነው። ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ራይንሃርት ፍራንክ ለዚህ አንድ መፈተኛ ትቶ አልፏል፤ ሰውየው በልቡ «እንዲህም ሆነ እንዲያ፣ እኔ ማድረጌ አይቀርም» ብሎ ከሆነ አስቧል።

የእንግሊዝና የአሜሪካ ሕግ ሁለቱን ሰዎች አይለያያቸውም። አደጋውን አውቆ ያለ በቂ ምክንያት የገባበት ሁሉ አንድ ስም አለው፤ አስቦ ካደረገውም፣ ቸል ካለውም የተለየ መካከለኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ለዚህ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው የ1957ቱ የካኒንግሃም ጉዳይ ነው። ሰውየው ሳንቲም ለመስረቅ የጋዝ ቆጣሪ ከግድግዳ ነቅሎ ወሰደ፤ ጋዙ ሾልኮ ከአጎራባቹ ቤት የተኛች ሴት መረዘ። የሥር ዳኛው ለፈራጆቹ ድርጊቱ ክፉ ከሆነ በቂ ነው የሚል ይዘት ያለው መመሪያ ሰጠ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን የጥፋተኝነት ፍርዱን ሻረው። መስረቁ ክፋት ነው፤ ስለ ጋዙ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ታይቶት ነበር ወይ? ሌባ መሆኑ ለዚህ መልስ አይሆንም።

እኔ በሁለቱ መካከል መለየትን እደግፋለሁ። በሌላው ሰው ሕይወት ላይ «ይሁን» ብሎ የፈረደና፣ በከንቱ ተስፋ ራሱን ያታለለ ሰው አንድ አይደሉም። የሚያሳስበኝ ግን ልዩነቱ ለተታላዩ የሚያደላ መሆኑ ነው። ባሰበ ቁጥር የሚጨነቅ ሰው አደጋውን ይቀበላል ይባላል፤ በራሱ ችሎታ ያለልክ የሚተማመነው ደግሞ «ምንም አይሆንም ብዬ ነበር» ብሎ ወደ ቸልተኝነት ይወርዳል። ስለዚህ ዳኛ «ምንም አይሆንም» የሚለውን ቃል ሲሰማ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ ያ ተስፋ በምን ላይ ቆሞ ነበር? ሠራተኛው አንድ ጊዜ ወደ ታች ተመልክቶ ነበር? ጮሆ አስጠንቅቆ ነበር? ምንም ያልተደገፈበት ተስፋ ብዙ ጊዜ ተስፋ አይደለም፤ ከክሱ በኋላ የመጣ ቃል ነው።

ግን የሰውን ሆድ ማን ያውቃል? ይህን ሰዎች እንደ ትልቅ ተቃውሞ ያነሱልኛል፤ ጥያቄው ግን ከሕግ እኩል ያረጀ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ወደ ዱር ይሄዳሉ፤ ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። ገዳዩ ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ ይድናል፤ አስቀድሞ አይጠላውም ነበርና። ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ደግሞ ነፍሰ ገዳይ የሚባለውን ሲለይ የያዘውን ያያል፤ የብረት መሣሪያ፣ ሰው የሚገድል ድንጋይ፣ ሰው የሚገድል የእንጨት መሣሪያ። ቀጥሎ ጥላቻን፣ አድብቶ መጠበቅን ይጨምራል። ዛሬም ችሎት የሚቆጥረው እነዚህኑ ነው። ምን ያዘ? የት መታ? ስንት ጊዜ? ከዚያ በፊት ምን ብሎ ነበር? ሰውየው ሲወድቅ ሸሸ ወይስ እርዳታ ጠራ? ሐሳብ በቀጥታ አይታይም፤ ከድርጊቱ ዙሪያ ካለው ነገር ይለቀማል።

ከዚህ ለቀማ አቋራጭ መንገድ ሲገኝ ግን ፍትሕ ይጎዳል። በእንግሊዝ የተሰረቀ ዕቃ የጫነ ሹፌር ፖሊስ ቁም ሲለው ነዳ፤ ፖሊሱ መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ወድቆ ሌላ መኪና ገጨውና ሞተ። የጌቶች ምክር ቤት በ1960 የስሚዝ ጉዳይ ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ክርክር፣ ሹፌሩ ራሱ ምን አሰበ ሳይሆን አስተዋይ ሰው ምን ሊያስብ ይገባ ነበር የሚለውን መለኪያ አደረገ። በዚያ መንገድ ከተሄደ ቸልተኛው ሁሉ ገዳይ ነው፤ ሊያስብ ይገባ ነበርና። ፓርላማው በ1967 ባወጣው ሕግ ይህን ቀለበሰው፤ ውጤቱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ብቻ ሐሳብ ነበረው ማለት ግዴታ አይደለም፣ ማስረጃው ሁሉ ታይቶ ይወሰን አለ።

የማስረዳት ሸክሙስ የማን ነው? በ1934 በእንግሊዝ ዉልሚንግተን የተባለ የ21 ዓመት የእርሻ ሠራተኛ ጥላው ወደ እናቷ ቤት የሄደችውን ሚስቱን በጥይት ገደለ። ራሴን አጠፋለሁ ብዬ ላስፈራራት ጠመንጃውን ሳሳያት ሳላስበው ባረቀ አለ። ዳኛው ለፈራጆቹ፣ መግደሉ ከተረጋገጠ በኋላ ድንገተኛ አደጋ መሆኑን ማሳየት ያለበት እሱ ነው አሏቸው፤ ሞት ተፈረደበት። የጌቶች ምክር ቤት በ1935 ፍርዱን ሻረው። ሐሳብም እንደ መግደሉ ሁሉ ከሳሹ የሚያስረዳው ነገር ነው፤ ተከሳሹ ማድረግ የሚጠበቅበት ቢበዛ ጥርጣሬ መፍጠር ነው። ቃሉ እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም፤ ፍርድ ቤቱም እውነት ነው አላለም። እውነት ሊሆን ይችላል ብለው ቢጠራጠሩ ፈራጆቹ ነጻ ሊያወጡት ይገባ ነበር ነው ያለው።

እስካሁን ያወራሁት ከሳሹ ስለሚያቆመው ነገር ነው። ሐሳቡ ተረጋግጦም ግን ክሱ ሊፈርስ ይችላል። ብዙ ሰው መከላከያ ሲባል ጎበዝ ጠበቃ የሚፈልገው ቀዳዳ ይመስለዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል። መከላከያዎቹን የጻፈው ራሱ ሕጉ ነው፣ ከክልከላው ጋር በአንድ መጽሐፍ።

ዋናው ልዩነት «ልክ ነበርኩ» በሚልና «ልክ አልነበርኩም፣ ግን አትፍረዱብኝ» በሚል ሰው መካከል ነው። የመጣበትን ሕገ ወጥ ጥቃት በተመጣጠነ ኃይል የመለሰ ሰው የመጀመሪያውን ይላል፤ ሕጉም «አዎ፣ ልክ ነበርክ» ይለዋል። ባልተፈጠረ ጥቃት የደነገጠ፣ አእምሮው የታወከ፣ በሞት ዛቻ የተገደደ ሰው የሚለው ሁለተኛውን ነው። ሁለቱም «ነጻ ተሰናበተ» ተብለው ሲወጡ የተጎጂው ቤተሰብ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ ዳኛው የትኛውን እንዳሉ በግልጽ ካልተናገሩ፣ የሞተው ልጃቸው ጥፋተኛ የነበረ ይመስላቸዋል። ይህን የሚያስረዳ ዳኛ ሳይ አከብረዋለሁ።

ራስን መከላከል ላይ ስህተት ሲጨመር የሚሆነውን ዓለም ሁሉ የተከታተለው በኦስካር ፒስቶሪየስ ጉዳይ ነው። በየካቲት 2013 ከተዘጋ የመጸዳጃ ክፍል በር በስተጀርባ ያለውን ሰው አራት ጊዜ ተኩሶ ገደለ፤ ሟቿ ፍቅረኛው ሪቫ ስቴንካምፕ ነበረች። ሌባ የገባ መስሎኝ ነው አለ። በ2014 ችሎቱ በቸልተኝነት መግደል ብሎ ፈረደበት፤ የደቡብ አፍሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2015 ወደ ግድያ ለወጠው። ማን እንደነበረች አለማወቁ አያወጣውም፤ ከበሩ ጀርባ ሰው እንዳለ ያውቃል፣ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ በእንዲህ ያለ ጥይት የሚሞት ሰው እንደሚኖር አይቶት ተኩሷል። የቆዳውን ጠፍር ያነሳው ሰው የተጠየቀበት ጥያቄ ነው እዚህም የተጠየቀው።

በእውነት ተጠቅቶ ሲከላከል ልኩን ያለፈስ? የጀርመን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 33 ልኩን ያለፈው በመደናገር፣ በፍርሃት ወይም በድንጋጤ ከሆነ አይቀጣም ይላል። ንዴት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን ምርጫ ባየሁት ቁጥር ሕግ አውጪው ሰውን ያውቃል እላለሁ። በአንጻሩ የእንግሊዝ ሕግ ለረጅም ጊዜ ይቅር ያለው ንዴትን ነበር፤ ድንገት የገነፈለ ከሆነ ግድያው ይቀልለታል። ለዓመታት የተደበደበች ሴት ግን ድንገት ገንፍላ ጉልበተኛውን አትገጥምም፤ ትጠብቃለች። ኪራንጂት አህሉዋሊያ በ1989 ባሏ በተኛበት በእሳት አቃጠለችው፤ በግድያ ተፈረደባት። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሽሮ እንደገና እንዲታይ አዘዘና፣ በቀለለ ወንጀል ተፈርዶባት የታሰረችው በቂ ነው ተብላ ወጣች፤ ያወጣት ግን የአእምሮዋ ሁኔታ እንጂ የደረሰባት በደል አልነበረም። «ድንገት» የሚለው መስፈርት የተነሳው በ2009 በወጣ ሕግ ነው። ለዚያ ሁሉ ዘመን ሕጉ በዓይነ ልቡናው ያየው ሰው ጡንቻ ያለው ወንድ ነበር።

ስለ አእምሮ ሕመም በአጭሩ ልለፍ። በ1843 ዳንኤል ማክናተን የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልን የገደለ መስሎት ጸሐፊያቸውን ኤድዋርድ ድራሞንድን ገደለ፤ ገዢው ፓርቲ እያሳደደኝ ነው ብሎ ያምን ነበር። ነጻ ሲባል ሕዝቡም ንግሥቲቱም ተቆጡ፤ ዳኞቹም ተጠርተው፣ የሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም ስህተት መሆኑን እንዳያውቅ ያደረገው የአእምሮ ሕመም ካለ የሚለውን መለኪያ ሰጡ። እሱ ራሱ ግን አንድ ቀንም ነጻ አልሆነም፤ በ1865 እስኪሞት በአእምሮ ሕሙማን ተቋማት ነበር። በ1987 በካናዳ በእንቅልፍ ልቡ ብዙ ኪሎ ሜትር መኪና ነድቶ አማቱን የገደለው ሰው ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ ወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1992 አጸናው። ከሆነው በኋላ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሰው የገደልኩ ይመስለኛል ያለ ሰው ነው፤ የገዛ እጁ ክፉኛ ተቆርጦ ሳለ ሕመሙ የተሰማው አይመስልም ነበር። በእንቅልፍ ላይ ላለ ሰው ሐሳብ ቀርቶ ድርጊትም የለውም። ስካር ደግሞ ሌላ ነው፤ ጠጪው ራሱን ያደረሰበት ነውና ብዙ ሕጎች ፊት ያዞሩበታል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሱኝ መገደድና ችግር ናቸው። በ1884 ሚኞኔት የተባለች ጀልባ በደቡብ አትላንቲክ ሰጠመች፤ አራት ሰዎች በታንኳ ባሕሩ ላይ ቀሩ። የያዙት ሁለት ጣሳ ምግብ ነው፤ ውሃ የለም፤ አንድ ኤሊ ያዙ፤ ከዚያ ምንም። ካፒቴኑ ዳድሊ በስቲቨንስ ስምምነት፣ የባሕር ውሃ ጠጥቶ የታመመውን የ17 ዓመት ልጅ ሪቻርድ ፓርከርን ገደለና በሉት። ሦስተኛው ሰው ብሩክስ በግድያው አልተስማማም። ከአራት ቀን በኋላ መርከብ አገኛቸው። ፍርድ ቤቱ ሕይወትን ለማዳን ንጹሑን መግደል መከላከያ አይሆንም ብሎ በሞት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ ስድስት ወር እስር ተቀየረ። በእንግሊዝ ሕግ ዛሬም ቢሆን ችግርም ዛቻም ለግድያ መከላከያ አይሆኑም።

ከመቶ ዓመት በላይ ዘልለን በሐምሌ 1995 በቦስኒያ ጦርነት ስሬብሬኒካ የተባለችው ከተማ በሰርቦች እጅ ከወደቀች በኋላ ያለውን እንይ። ድራዠን ኤርዴሞቪች የ23 ዓመት ወታደር ነበር። ክፍሉ ወደ ብራንዬቮ እርሻ ተላከ፤ አውቶቡሶች ሙስሊም ወንዶችን እያመጡ ያራግፋሉ፣ ወታደሮቹ ይተኩሳሉ። እሱ እንደተናገረው፣ አልተኩስም ሲል «ካሳዘኑህ አብረሃቸው ቁም፣ አንተንም እንገድልሃለን» ተባለ። ሚስትና ሕፃን ልጅ አለው። ተኮሰ። በኋላ ማንም ሳያስገድደው ራሱ ተናግሮ ሔግ ቀረበ። በጥቅምት 1997 የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የይግባኝ ችሎት በሦስት ለሁለት ድምፅ፣ መገደድ ንጹሐንን ለመግደል ሙሉ መከላከያ አይሆንም፣ ቅጣት ለማቅለል ብቻ ያገለግላል አለ። በመጨረሻ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

በሐሳብ ከተለዩት ዳኞች አንዱ አንቶንዮ ካሴሴ ናቸው፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። በታንኳዋ ላይ ፓርከር ባይገደል ሊድን ይችል ነበር፤ መርከቧ አራት ቀን ብቻ ነው የቀራት። የሚሞተውን የመረጠውም ጉልበተኛው ነው፤ የመረጠውም ደካማውን። ስለዚህ የ1884ቱ ፍርድ ልክ ነው እላለሁ። በብራንዬቮ ግን ኤርዴሞቪች መሣሪያውን ጥሎ ከሰዎቹ ጋር ቢቆም አንድ ሰው እንኳ አይተርፍም፤ የሟቾቹ ቁጥር በአንድ ይጨምራል እንጂ። ሕግ ለማንም ሕይወት የማይሆን ሞትን ከሰው ሊጠይቅ ይችላል ወይ? ጀግንነትን ማድነቅ አንድ ነገር ነው፤ ጀግና ስላልሆነ ሰውን ማሰር ሌላ ነው። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የ1998ቱ የሮም ስምምነት በአንቀጽ 31 በሩን አልዘጋውም፤ ተገዳጁ ሊያስቀር ካሰበው የበለጠ ጉዳት ለማድረስ እስካላሰበ ድረስ መከላከያው ለግድያም ቢሆን ሊታይለት ይችላል።

በመጨረሻ ወደ «የመጣው ይምጣ» ልመለስ፤ በዘመናችን በጥንቃቄ የተመረመረው በበርሊን ነውና። በየካቲት 2016 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሹፌሮች በከተማዋ መሃል ኩርፉርስተንዳም ላይ እሽቅድድም ገጠሙ። ቀይ መብራቶችን እየጣሱ በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ደረሱ፤ የአንደኛው መኪና በአረንጓዴ መብራት ወደ መስቀለኛው መንገድ የገባ የ69 ዓመት ሰው ገጭቶ ገደለ። በ2017 የበርሊኑ ፍርድ ቤት ሁለቱንም በግድያ ፈረደባቸው፤ በጀርመን ከዚያ በፊት በመንገድ እሽቅድድም እንዲህ ያለ ፍርድ አልነበረም። ብዙ ሰው ደስ አለው። በመጋቢት 2018 ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ብዙ ሰው ተቆጣ።

የተሻረበትን ምክንያት ሳነብ ግን ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። የሥር ፍርድ ቤቱ ሐሳባቸውን ያገኘው ወደ መስቀለኛው መንገድ ሲገቡ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ፍሬን ቢይዙም መኪናው አይቆምም ነበር። ሐሳብና ድርጊት አብረው መገኘት አለባቸው፤ ምንም ማድረግ በማይቻልበት ሰዓት የመጣ «ይሁን» ወንጀል አይሠራም። ሁለተኛ፣ ሹፌሩ ሌላውን ሰው ለሞት የተቀበለ ከሆነ ራሱንም፣ በአንደኛው መኪና አብራ የተሳፈረችውንም ሴት ለሞት ተቀብሏል ወይ? የሥር ፍርድ ቤቱ ሰዎቹ በመኪናቸው ውስጥ እንደ ታንክ ወይም እንደ ምሽግ ተጠብቀው ይሰማቸው ነበር ብሎ አልፎት ነበር፤ ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ይህ በማስረጃ ይታይ አለ።

እንደገና ሲታይ በ2019 ፍርድ ቤቱ ቅጽበቷን ወደ ኋላ ሳበ፤ ገና ማቆም በሚቻልበት ቦታ ላይ፣ አደጋውን እያዩ ነዱ አለ። በ2020 ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ሰውየውን በገጨው ሹፌር ላይ የተፈረደውን ግድያ አጸና። የሁለተኛውን ግን ሻረው፤ አብረው ለመሽቀዳደም ተስማምተዋል ማለት አብረው ለመግደል ተስማምተዋል ማለት አይደለምና የእሱ ሐሳብ ለብቻው ይታይ አለ። በ2021 በግድያ ሙከራ 13 ዓመት ተፈረደበት።

እኔም የግድያ ፍርድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ቅጣቱን አይደለም። ተከሳሹ አደጋውን መቼ እንዳወቀ፣ ያን ሰዓት ምን ማድረግ ይችል እንደነበር፣ ተስፋው በምን ላይ ቆሞ እንደነበርና መቀበሉ ከየትኛው ማስረጃ እንደተለቀመ የሚናገረውን አንቀጽ ነው። በቦታው «ከድርጊቱ በግልጽ እንደሚታየው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ካገኘሁ፣ ይግባኙን የምጀምረው ከዚያ መስመር ነው።